ራስ ሳይመረመር ኮፍያ አይገዛም



በዚህ ልሳናችን ገጾች ላይ ስለ ትምህርት ክፍያ፣ ስለ መኖሪያ ፈቃድና ስለ አገር ቤት ጉዳይ ብዙ ተጽፏል። ዛሬ የማነሣው ነገር ከእነዚህ ጋር ሲመዛዘን እጅግ አነስተኛ መስሎ ይታይ ይሆናል። አንዳንዱ አንባቢም «ደግሞ ስለ ጠጉር!» ብሎ ገጹን ሊገለብጥ ይችላል። ይሁን እንጂ ጉዳዩ የጠጉር ብቻ አይደለም። የገንዘባችን፣ የእፍረታችንና ከሁሉም በላይ «የተማሩ ናቸው» ብለው ለሚያምኑን ወገኖቻችን ያለብን የኃላፊነት ጉዳይ ነው። ስለዚህ እስከ መጨረሻው እንድታነቡኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

እንደምናየው፣ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በየመኝታ ቤቱ አልጋ ሥር፣ ከመጻሕፍቱና ከበርበሬው ዕቃ ጎን፣ አንድ አዲስ ሣጥን መታየት ጀምሯል። በውስጡ ቀይ ብርሃን የሚያበራ ኮፍያ፣ የራስ ቁር ወይም ማበጠሪያ አለ። ስሙ «ዝቅተኛ ኃይል ያለው ሌዘር» ሲሆን፣ ተስፋው ደግሞ ቤት ተቀምጦ የረገፈን ጠጉር ማብቀል ነው። ዋጋው ከጥቂት መቶ ዶላር ተነሥቶ እስከ ሦስት ሺህ ዶላር ገደማ ይደርሳል። ባለቤቱ በሩን ዘግቶ፣ መጋረጃውን ጋርዶ ያጠልቀዋል፤ ጓደኛው ሲያንኳኳ አውልቆ ከአልጋው ሥር ይከተዋል። አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይሉ ነበር። እኛ ግን በሽታውንም መድኃኒቱንም አብረን መደበቅ ይዘናል። ነጋዴውም የሚያተርፈው ከዚሁ ዝምታችን ነው። ማንም ማንንም ስለማይጠይቅ፣ እያንዳንዱ ብቻውን ይገዛል፤ እያንዳንዱም ብቻውን ይሳሳታል።

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ ነገር

በ2015 ዓ.ም. የትንሣኤ ሰሞን ነው። እዚህ ቤይሩት በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ አንዲት እኅታችን የእሑድ ዕረፍቷን ጠብቃ ወደ እኛ መጣች። ሻሿን ገለጥ አድርጋ ግንባሯን አሳየችኝ። በግንባሯ ዳርና ከሁለቱ ጆሮዎቿ በላይ ጠጉሯ ሸሽቶ፣ ቆዳው ይታይ ነበር። ከቦርሳዋ የታጠፈ ወረቀት አወጣችና «ወንድሜ፣ አንተ የተማርክ ነህ፤ ይህን አንብብልኝ። እውነት ነው ካልከኝ እገዛዋለሁ» አለችኝ።

ወረቀቱ የአንድ ሌዘር ማበጠሪያ ማስታወቂያ ነበር። በአሜሪካ መንግሥት የታወቀ፣ በሐኪሞች የተፈተነ፣ ለሴትም ለወንድም የሚሆን ነው ይላል። ቃል በቃል ተረጎምኩላት። «ጥሩ ይመስላል» አልኳት። ስንት ዓመት ጠጉሯን አጥብቃ ስትሠራ እንደኖረች፣ ሰው ሠራሽ ጠጉር ታስቀጥል እንደሆነ፣ ስትሠራ ያማት እንደሆነ አልጠየቅኋትም። እርሷም ሄዳ በ420 ዶላር ገዛችው። ይህ ከሁለት ወር ደመወዟ ጋር የሚተካከል ገንዘብ ነው።

ሰባት ወር ሙሉ፣ የቤቱ ሰዎች ከተኙ በኋላ፣ መብራት ባለበት ሰዓት እየሞላች ተጠቀመችበት። ምንም አልበቀለም። በ2016 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ወደ አንድ የቆዳ ሐኪም አብሬያት ሄድኩ። ሐኪሙ መሣሪያውን ለማየት እንኳ አልፈለጉም። ራሷን በማጉያ መነጽር ተመልክተው የጠየቋት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ጠጉርሽን እንዴት ነው የምትሠሪው?» መልሷን ከሰሙ በኋላ ነገሩን አስረዱን። የጠጉሯ ሥር በጥብቅ ሹሩባና በተቀጠለው ጠጉር ክብደት ለዓመታት ሲጎተት ኖሯል። በግንባሯ ዳር ያለው ጠባሳ ሆኗል፤ ከጆሮዎቿ በላይ ያለው ግን ሹሩባው ከቀረ ሊመለስ ይችላል አሏት። ያን ሁሉ ሰባት ወር ግን፣ «ማበጠሪያው ይሠራልኛል» በማለት ሹሩባዋን አልተወችም ነበር።

እንግዲህ ጥፋቱ የማን ነው? የሻጩ ብቻ ነው? ሻጩ ሥራውን ሠራ። ማስታወቂያውን ያነበብኩላት እኔ ነኝ። የእንግሊዝኛውን ትርጉም ነገርኳት እንጂ የነገሩን ትርጉም አልነገርኳትም። ምክንያቱም እኔም አላውቀውም ነበር። ከዚያ ወዲህ ያነበብኩትን ለሌሎች ማካፈል ግዴታዬ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

መሣሪያው ከየት መጣ? ምንስ ይሠራል?

የመጀመሪያው ሌዘር የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው። ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በ1967፣ እንድሬ ሜስተር የተባሉ የሃንጋሪ ሐኪም በቡዳፔስት ከተማ፣ ይህ አዲስ ብርሃን ነቀርሳ ያመጣ እንደሆነ ለማወቅ ፈለጉ። ጀርባቸው የተላጨ አይጦችን ወስደው ደካማ የሌዘር ጨረር አሳረፉባቸው። ነቀርሳ አልመጣም፤ ነገር ግን ጨረሩ ያረፈባቸው አይጦች ጠጉር ካልተነኩት ቀድሞ በቀለ። ዛሬ በየአልጋችን ሥር ያለው ኮፍያ የዚያ ያልታሰበ ውጤት የልጅ ልጅ ነው።

ሐሳቡ የሚከተለው ነው። የሞገድ ርዝመቱ ከ630 እስከ 680 ናኖሜትር ገደማ የሆነ ቀይ ብርሃን ቆዳን ዘልቆ በጠጉሩ ሥር ወዳሉት ሕዋሳት ይደርሳል። በሕዋሱ ውስጥ ኃይል የሚያመነጩት ማይቶኮንድሪያ የተባሉት ክፍሎች ይቀበሉታል፤ በዚህም የተነሣ ሥሩ ይነቃቃል፣ የማደጊያ ዘመኑ ይረዝማል፣ የቀጠነው ጠጉር ይወፍራል ይባላል። ዝርዝሩ ገና ተጠንቶ አላለቀም። ከዚህ የሚከተለው ግን ግልጽ ነው። ብርሃኑ የሚቀሰቅሰው በሕይወት ያለውን ሥር ነው። ሥሩ ሞቶ ቆዳው ከለሰለሰና ካብረቀረቀ ግን፣ የፈለገውን ያህል ቢበራበት ጠጉር አይወጣበትም።

ታዲያ መሣሪያው ሐሰት ነውን? አይደለም። እውነቱን መናገር ተገቢ ነው። ሄርማክስ የተባለው ማበጠሪያ እ.ኤ.አ. በ2007 ለወንዶች፣ በ2011 ለሴቶች በአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በኩል ለገበያ እንዲቀርብ ተፈቅዶለታል። በ2014 የወጣው ጥናት ሰዎችን በሁለት ከፍሎ፣ ለአንደኛው ወገን እውነተኛውን ማበጠሪያ፣ ለሌላው ደግሞ ሌዘር የሌለውን ማስመሰያ ሰጥቶ ነበር። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ለ26 ሳምንታት ተጠቀሙ። እውነተኛውን የያዙት በአንድ ካሬ ሴንቲሜትር ላይ በአማካይ ከ18 እስከ 26 ገደማ የሚሆን ተጨማሪ ጠጉር አገኙ፤ ማስመሰያውን የያዙት ደግሞ ከ2 እስከ 9 ገደማ። አይግሮው የተባለውም የራስ ቁር በ2013 በወንዶች፣ በ2014 በሴቶች ላይ ተፈትኖ ከማስመሰያው የተሻለ ውጤት አሳይቷል።

ስለዚህ ጥቅም አለ። ጥቅሙ ግን ልከኛ ነው። አንድ ካሬ ሴንቲሜትር የአውራ ጣት ጥፍር ብታክል ነው፤ በዚያች ላይ ሃያ ጠጉር መጨመሩ የሳሳውን ሞላ ያደርገዋል እንጂ ራሰ በራውን ባለ ጎፈሬ አያደርገውም። የ2014ቱን የማበጠሪያ ጥናት ወጪ የሸፈነውም አምራቹ ራሱ እንደ ነበር አንባቢ ልብ ይበል። ይህ ብቻውን ውጤቱን ሐሰት አያሰኘውም፤ ነገር ግን አምራቹ በራሱ ጉዳይ ላይ ሲመሰክር ቃሉን በጥንቃቄ መስማት የአባት ነው።

ለየትኛው መርገፍ?

እዚህ ላይ ዋናው ጥያቄ ይነሣል። እነዚህ ሙከራዎች የተደረጉት በአንድ ዓይነት የጠጉር መሳሳት ላይ ነው። ይኸውም በዘርና በሆርሞን ምክንያት የሚመጣው፣ በወንዱ ከግንባርና ከአናት የሚጀምረው፣ በሴቷ ደግሞ የመሐል ክፍሏን እያሰፋ የሚሄደው ነው። ጠጉር ግን በዚህ ብቻ አይረግፍም። በመካከላችን በብዛት የሚታዩትን እንይ።

አንደኛ፣ በመጎተት የሚመጣው ነው። የእኅታችን ታሪክ ይህ ነበር። ጥብቅ ሹሩባ፣ የሚከብድ ቅጥል ጠጉርና ዘወትር ተጎትቶ የሚታሰር ጠጉር ሥሩን ይነቅላሉ። ገና በመጀመሪያው ከተደረሰበት፣ ማላላት ብቻውን መድኃኒት ነው፤ ከዘገየ ጠባሳ ይሆናል። ሌዘሩ ሌሊት የሰጠውን ሹሩባው ቀን ይወስደዋል።

ሁለተኛ፣ ድንገተኛ መርገፍ ነው። ከከባድ ትኩሳት፣ ከወሊድ፣ በፍጥነት ከመክሳት ወይም ከከባድ ጭንቀት በኋላ ሁለትና ሦስት ወር ቆይቶ ጠጉር በእፍኝ ይረግፋል። አዲስ የመጣ ተማሪ በመስከረም ይገባል፣ በምግብና በናፍቆት ይጎዳል፣ በታኅሣሥ ትራሱ ላይ ጠጉሩን አይቶ ይደነግጣል። ውሃውን ይረግማል። ይህ ዓይነቱ መርገፍ ምክንያቱ ሲወገድ አብዛኛውን ጊዜ በስድስት ወር ገደማ በራሱ ይመለሳል። በመካከሉ የሌዘር ኮፍያ የገዛ ሰው ግን ጠጉሩ ሲመለስ የሚያመሰግነው ኮፍያውን ነው። ለጓደኛውም ይመሰክርለታል። ብዙው የመኝታ ቤት ምስክርነት የሚወለደው እንዲህ ነው።

ሦስተኛ፣ በሽታዎች ናቸው። ክብ ክብ እየሆነ የሚመለጠውን ላሽ እንለዋለን። ቅርፊት ያለውና የሚያሳክከው ቆረቆር ደግሞ የፈንገስ በሽታ ሲሆን፣ በሐኪም የሚታዘዝና የሚዋጥ መድኃኒት ይፈልጋል፤ ከሰው ወደ ሰውም ይተላለፋል። ከአናት መሐል ጀምሮ እየሰፋ ጠባሳ የሚተው፣ በጥቁር ሴቶች ላይ በብዛት የሚታይ ሌላ ሕመም አለ፤ ለዚህ የሚጠፋው እያንዳንዱ ወር የማይመለስ ጠጉር ነው።

አራተኛ፣ ከራስ ቅል ውጭ ያለው ምክንያት ነው። የብረት ማነስና የእንቅርት ዕጢ መታወክ ጠጉር ያረግፋሉ። ይህ በደም ምርመራ ይታወቃል። ደሟ ብረት ያነሰው ልጅ በራሷ ላይ ቀይ መብራት ብታበራ ምን ይረባታል?

እንግዲህ «የትኛውን መሣሪያ ልግዛ?» ከሚለው ጥያቄ በፊት «የእኔ መርገፍ የትኛው ነው?» የሚለው መቅደም እንዳለበት ግልጽ ይመስለኛል። የመጀመሪያው ዶላር ለሐኪሙ ይውጣ። ከዚያ በኋላ የሚተርፍ ካለ ለመሣሪያው። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚለው ብሂል ለእህል ብቻ የተነገረ አይደለም።

ስለ እኛ ቆዳ ማንም ያልነገረን ነገር

አሁን እጅግ ወደሚያሳስበኝ ነጥብ ልድረስ። እ.ኤ.አ. በ1975 ቶማስ ፊትዝፓትሪክ የተባሉ አሜሪካዊ የቆዳ ሐኪም የሰውን ቆዳ ለፀሐይ በሚሰጠው ምላሽ መሠረት በደረጃ መደቡት። መጀመሪያ ስለ ነጮች ቆዳ የተሠራ ነበር፤ ጠይምና ጥቁር ቆዳ እንደ 5ኛና 6ኛ ደረጃ ሆኖ የተጨመረው በኋላ ነው። አብዛኞቻችን የምንመደበው በእነዚህ በሁለቱ ነው። ቀይ ዳማ የሆነው ምናልባት በ4ኛው ውስጥ ይገባ ይሆናል።

ይህን ለምን አነሣሁ? ሄርማክስ፣ ቴራዶም፣ ካፒለስና አይግሮው የተባሉት የታወቁ መሣሪያዎች በአሜሪካ የተፈቀደላቸው የአጠቃቀም ቃል ከ1ኛ እስከ 4ኛ ደረጃ ላለ ቆዳ ነው የሚል ስለሆነ ነው። በትናንሽ ፊደል ተጽፎ ከመመሪያው ውስጥ ይገኛል። እኔ ለእኅታችን ባነበብኩላት ማስታወቂያ ላይ ግን አልነበረም።

ነገሩን ማጋነን አልፈልግም። ይህ ማለት መሣሪያው ጥቁር ቆዳን ያቃጥላል ማለት አይደለም፤ የእያንዳንዱ ጨረር ኃይል ብዙውን ጊዜ ከ5 ሚሊዋት አይበልጥም። ጥቁር ሰው ላይ አይሠራም ማለትም አይደለም። ማለቱ፣ ፈቃዱ የተሰጠው እንደ እኛ ላለው ቆዳ አይደለም ማለት ነው። የቆዳችን ቀለም ብርሃንን የሚቀበልና የሚያስቀር ስለሆነ፣ ጥያቄው እንዲሁ የሚታለፍ አይደለም። ገንዘባችን ግን ከማንም ገንዘብ ሳይለይ እኩል ተቀባይነት አለው። ባልተፈተነበት ራስ ላይ ሙሉ ዋጋ የሚከፍል ሰው፣ በራሱ ወጪ የሙከራ አይጥ መሆኑን ቢያንስ ሊያውቀው ይገባል።

በዚህ ላይ የጠጉራችን ነገር አለ። ብርሃኑ ሊሠራ የሚችለው የራስ ቆዳ ላይ ከደረሰ ነው። ጥቅጥቅ ያለና የተጠቀለለ ጠጉር፣ ቁንዳላ፣ ሹሩባና ዊግ ብርሃኑን ያግዱታል። በዊግ ላይ የሌዘር ኮፍያ ማጥለቅ በጣራ ላይ ዘንቦ ወለሉን ያረጥባል ብሎ እንደ መጠበቅ ነው።

ሐኪሙ ካዩና ለመግዛት ከተወሰነ

ምርመራው በዘር የሚመጣው መሳሳት መሆኑን ካሳየ፣ ሥሩ ገና ካልሞተና ገንዘቡም ካለ፣ መግዛት ሞኝነት ነው አልልም። እንዲህ ላለው ሰው የሚከተሉትን ነጥቦች አቀርባለሁ።

፩ኛ. «የተመዘገበ» እና «የተፈቀደ» የሚሉት ቃላት አንድ አይደሉም። በአሜሪካው አስተዳደር ዘንድ አንድ ፋብሪካ ስሙን ማስመዝገቡ መሣሪያው ተመርምሮ አለፈ ማለት አይደለም፤ አስተዳደሩም ለመሣሪያ የምዝገባ የምስክር ወረቀት አይሰጥም። ስለዚህ ባለ ማኅተምና ባለ ንስር ወረቀት የሚያሳያችሁ ሻጭ ሲያጋጥም ተጠንቀቁ። ለእነዚህ መሣሪያዎች የሚሰጠው ፈቃድ ኬ በሚለው የእንግሊዝኛ ፊደል የሚጀምር ቁጥር አለው፤ ቁጥሩ በአስተዳደሩ መዝገብ ውስጥ በነጻ ይታያል። ይህም ፈቃድ ቢሆን በዋነኛነት የሚለው «ቀድሞ በገበያ ላይ ካለ ሌላ መሣሪያ ጋር ይመሳሰላል» ነው። ለአዲስ መድኃኒት ከሚሰጠው ጽኑ ማረጋገጫ ጋር አናምታታው።

፪ኛ. የሞገድ ርዝመቱ በናኖሜትር፣ የእያንዳንዱ ጨረር ኃይል በሚሊዋት፣ ስንቱ ሌዘር ስንቱ ተራ ቀይ አምፖል እንደሆነ በግልጽ የተጻፈበትን ምረጡ። አይግሮው ለምሳሌ 21 ሌዘርና 30 ተራ ዳዮድ እንዳለው በይፋ የተገለጸ ነው። ይህን የማይናገር ርካሽ ኮፍያ ምናልባት የገና ዛፍ መብራት ነው።

፫ኛ. በጨረር ብዛት አትታለሉ። ካፒለስ ከ82 ጀምሮ እስከ 300 በላይ ጨረር ያላቸው ኮፍያዎች አሉት፤ ዋጋውም ከቁጥሩ ጋር ይወጣል። ነገር ግን ከላይ በጠቀስኩት የ2014 ጥናት ባለ 7፣ ባለ 9 እና ባለ 12 ጨረር ማበጠሪያዎች ተሞክረው፣ ባለ 12ቱ ከባለ 7ቱ እጥፍ አላበቀለም።

፬ኛ. ጠጉሩ ረዘም ያለ ወይም ጥቅጥቅ ያለ ሰው ጥርስ ኖሮት ጠጉሩን እየከፈለ የሚሄደውን ቢመርጥ ይሻላል፤ በአጭሩ ለሚቆረጠው ኮፍያው ይመቸዋል።

፭ኛ. ጊዜያችሁን አስሉ። ቴራዶም በሳምንት ሁለት ቀን 20 ደቂቃ ይጠይቃል፤ ይህ በዓመት 35 ሰዓት ገደማ ነው። አይግሮው በተፈተነበት አኳኋን፣ በየሁለት ቀኑ 25 ደቂቃ፣ በዓመት 76 ሰዓት ገደማ ይሆናል። ውጤት ካለ የሚታየው ከአራት እስከ ስድስት ወር ቆይቶ ነው፤ ሲተውት ደግሞ የተገኘው ቀስ በቀስ ይሄዳል። ለፈተና ስንቀመጥ የምንተወው ከሆነ ባንጀምረው ይሻላል።

፮ኛ. የመመለሻ ጊዜውን በጽሑፍ አስቀምጡ። ውጤቱ በስድስት ወር የሚታይ ዕቃ «በ30 ቀን ውስጥ ካልተደሰቱ ይመልሱ» ተብሎ ሲሸጥ፣ ያ ዋስትና አይደለም። በመጀመሪያው ቀን፣ በአንድ ቦታና በአንድ ብርሃን ራሳችሁን ፎቶግራፍ አንሡ፤ በየሦስት ወሩ ድገሙት። መስተዋት ያባብላል፤ ፎቶግራፍ ግን አያባብልም።

፯ኛ. ጨረሩን በዓይናችሁ አትመልከቱ። ቆዳን ለብርሃን ስስ የሚያደርግ መድኃኒት የምትወስዱ፣ በራሳችሁ ላይ ቁስል ወይም የሚያጠራጥር ምልክት ያለባችሁ፣ ሐኪም ሳትጠይቁ አትጀምሩ።

«ቢሆንስ ምን ይጎዳል?»

አንዳንድ ወዳጆች «መድኃኒት አልዋጥኩ፣ መርፌ አልተወጋሁ፤ ባይረዳኝ ምን ይጎዳኛል?» ይላሉ። ይህ ክርክር ሚዛን የሚደፋ ይመስላል፤ እውነትም መሣሪያው በራሱ የሚያደርሰው ጉዳት ጥቂት ነው። አንዳንዱን ያሳክከዋል፣ አንዳንዱን ራስ ምታት ይይዘዋል፤ ከዚህ ብዙም አያልፍም። የሚጎዳው ግን መሣሪያው ሳይሆን የሚያዘገየው ነው። እኅታችን በቀይ ብርሃን አልተጎዳችም። የተጎዳችው በሰባቱ ወር ነው።

ገንዘቡም አለ። ሚኖክሲዲል የተባለው የሚቀባ መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ1988 ለወንዶች፣ በ1991 ለሴቶች ተፈቅዷል። ለወንዶች የሚዋጠው ፊናስተራይድም በ1997 ተፈቅዷል፤ ይህኛው የራሱ ጠንቅ ስላለውና ነፍሰ ጡር ሴት ፈጽሞ ልትወስደው ስለማይገባ ያለ ሐኪም አይነካም። እነዚህም ቢሆኑ ሲተዋቸው ውጤታቸው የሚሄድ ነው። ነገር ግን የሚኖክሲዲል የአንድ ወር ዋጋ ከአንድ የሌዘር ኮፍያ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር እጅግ አነስተኛ ነው፤ ካልሠራም የሚጣለው ጠርሙስ እንጂ የሴሚስተር አበል አይደለም። ሌዘሩ ቀዳሚ ሳይሆን ተጨማሪ ሊሆን ይገባዋል የምለው ስለዚህ ነው።

ሌላም መንገድ አለ። እርሱም ምንም አለማድረግ ነው። ራሰ በራነት በሽታ አይደለም። በአገራችን የራሰ በራ ሽማግሌ ምክር ከማንም ምክር አንሶ አያውቅም። በሃያ ሁለት ዓመቱ ግንባሩ የሸሸ ልጅ ግን በፎቶግራፍ ሲሳቅበት፣ ኮፍያ አድርጎ ክፍል ሲገባ፣ ለአበሉ የማይመጥን ዕዳ ቢገባ አይገርመኝም። በጓደኛችን አናት ላይ የምንቀልደው ቀልድ ለነጋዴው ነጻ ማስታወቂያ መሆኑን አንርሳ።

ምን እናድርግ?

በመጨረሻ ሁለት ሐሳቦችን ለማኅበራችን አቀርባለሁ።

የመጀመሪያው ይህ ነው። ማኅበሩ እሑድ ከሰዓት በኋላ ለአንድ ሰዓት የሚቀመጥ አነስተኛ የአንባቢዎች ጠረጴዛ ያቋቁም። ማንኛውም ወገናችን፣ በተለይም በየሰው ቤት የሚሠሩ እኅቶቻችን፣ የያዙትን ወረቀት ይዘው ይምጡ፤ ማስታወቂያ ይሁን፣ ውል ይሁን፣ የመድኃኒት መመሪያ ይሁን። የሕክምናና የፋርማሲ ተማሪዎቻችን ከመካከላቸው ይቀመጡ። የማናውቀውን «አናውቅም» እንበል፤ ወደሚያውቅም እንምራ። «አንብብልኝ» የሚለን ሰው የሚጠይቀን ፊደሉን እንድንቆጥርለት ብቻ አይደለም።

ሁለተኛው፣ ከሐኪም ምርመራ በኋላ መሣሪያውን ለመግዛት የወሰኑ ካሉ፣ ለሁለትና ለሦስት ሆነው በጋራ ይግዙ። በሳምንት ሁለት ቀን ለ20 ደቂቃ የሚሠራ ዕቃ የቀረውን ጊዜ ሥራ ፈትቶ ይተኛል። በእያንዳንዱ ሰው መካከል በመመሪያው መሠረት ይጽዳ፤ ቆረቆር ያለበት እስኪድን ድረስ አይጠቀም። በጋራ መግዛት ሌላም ትልቅ ጥቅም አለው። ሦስት ሰው የሚገዛው ዕቃ ተደብቆ አይገዛም፤ ተደብቆ የማይገዛ ዕቃ ደግሞ ሳይጠየቅ አይገዛም።

እኅታችን ሹሩባውን ከተወች በኋላ ከጆሮዎቿ በላይ ያለው ጠጉሯ ቀስ በቀስ ተመልሷል። የግንባሯ ዳር ግን እንደ ነበረ ነው። ማበጠሪያውን «አንተ ዘንድ ይቀመጥ» ብላ ትታልኝ ሄዳለች። ከጠረጴዛዬ ላይ፣ ከመዝገበ ቃላቱ ጎን ይገኛል። አልወቀሰችኝም፤ አሁንም ወረቀት ሲያጋጥማት ይዛ ትመጣለች። እኔም ማንበብ ከመጀመሬ በፊት አሁን መጀመሪያ እርሷን እጠይቃታለሁ።

ራስ ሳይመረመር ኮፍያ አይገዛም።